አካውንቲንግ ኢንፎርሜሽን ሲስተምን በኦንላይን መማር፦ ሰነዱን እግር በእግር መከተል

በመሠረታዊ የአካውንቲንግ ኮርሶች ጥሩ ውጤት ሲያመጣ የቆየ ተማሪ አካውንቲንግ ኢንፎርሜሽን ሲስተም፣ ማለትም የሒሳብ መረጃ በድርጅት ውስጥ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንደሚመዘገብና እንደሚጠበቅ የሚያስተምረው ኮርስ፣ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ኮርሱ «ዴቢቱ የቱ ነው፣ ክሬዲቱስ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን ቫውቸር ማን ጻፈው? በስንት ኮፒ? ሁለተኛው ኮፒ የት ሄደ? መንገድ ላይ ቁጥሩን መለወጥ የሚችል ሰው አለ? ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። በኦንላይን ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ቪዲዮው ሲታይ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፣ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ግን እጅ አይንቀሳቀስም። መድኃኒቱ ማየትና ማዳመጡን ቀንሶ መሣል፣ ሠንጠረዥ መሥራትና ሆን ብሎ ማበላሸትን ማብዛት ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት

ሦስት ነገር እጃችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። አንደኛው የጆርናል፣ የጠቅላላ ሌጀርና የንዑስ ሌጀር ግንኙነት ነው። የደንበኞች ዝርዝር ድምር ከ«ተሰብሳቢ ሒሳብ» ቀሪ ጋር ለምን እኩል መሆን እንዳለበት በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻላችሁ፣ አንድ ቀን መድባችሁ እሱን ከልሱ። ሁለተኛው ኤክሴል ነው፤ ፒቮት ቴብል፣ ቪሉክአፕና ሰምኢፍ በቂ ናቸው። ሦስተኛው ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ነው። ስልክ ለቪዲዮና ለፈተና ጥያቄ ያገለግላል፤ ኮርሱ ለሚጠቀምበት የሒሳብ ሶፍትዌር ለፒችትሪ ግን አያገለግልም፣ በማክ ላይም በቀጥታ አይጫንም። ላፕቶፕ የሌለው ሰው የኢንተርኔት ካፌ ወይም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በሳምንት ለስንት ሰዓት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይቁጠር።

ከዚያ የኮርሱን መግለጫ አንብቡና የማስረከቢያ ሰዓቶቹን ወደ እኛ ሰዓት ቀይራችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ነጥብ በከንቱ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ተስተካክሎ «11:59 ፒኤም» ካለ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ማለት ነው። ኮሌጁ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ «እሑድ 11:59 ፒኤም» አዲስ አበባ ላይ በበጋ ሰዓታቸው ሰኞ ጧት 12 ሰዓት ከ59፣ በክረምት ሰዓታቸው ደግሞ ሰኞ ጧት 1 ሰዓት ከ59 ነው። እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ፣ አንድ ሴሚስተር መካከል ላይ ልዩነቱ ይቀየራል። ከሁሉም የሚያሳስተው «እሑድ 12:00 ኤኤም» የሚለው ነው። ጧት 12 ሰዓት አይደለም፣ ቀትርም አይደለም፤ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። እሑድን ሙሉ እሠራለሁ ያለ ሰው ቀኑ ሳይጀምር ጊዜው አልፎበታል።

የሳምንቱ ሰዓት

በሳምንት 8 ሰዓት ካላችሁ ለቪዲዮና ለንባብ ከ2 ሰዓት በላይ አትስጡ። 4 ሰዓት ለእጅ ሥራ ይሁን፤ ሥዕል፣ ሠንጠረዥ፣ ሶፍትዌር። 1 ሰዓት ለጥያቄ፣ የቀረው 1 ሰዓት ያለፈውን ሳምንት የተሳሳታችሁትን እንደገና ለመሥራት። ቪዲዮውን የዳታ ዋጋ በሚረክስበት ሰዓት በ360 ጥራት አውርዱት፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ከዚያ በላይ ብዙም አያስፈልግም። ስምንቱን ሰዓት በአንድ ቀን መጨፍጨፍ ለዚህ ኮርስ አይሆንም፤ ሥዕል በማግስቱ ሲታይ ነው ስሕተቱ የሚወጣው።

ሰነዱን መከተል

የኮርሱ ብዙ ነጥብ ያለው የግዥ፣ የሽያጭና የደመወዝ ዑደቶችን በሥዕል በማሳየት ላይ ነው። መማሪያ መጽሐፉ የሚሰጣችሁ የአሜሪካ ኩባንያ ምሳሌ ነው፤ እሱን ሥሩ፣ ግን አስቀድማችሁ በምታውቁት ነገር ተለማመዱ። የአንድ መሥሪያ ቤት የወንበር ግዥ ከበቂ በላይ ነው።

መጀመሪያ ሒደቱን በ12 ያህል አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ጠያቂው ክፍል የግዥ መጠየቂያ ይሞላል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ የግዥ ማዘዣ በአራት ኮፒ ይወጣል፤ ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍል ቆጥሮ የገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል (በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 የሚባለው)፤ ሒሳብ ክፍል ሰነዶቹን አመሳክሮ የክፍያ ቫውቸር ያዘጋጃል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። «ይዘጋጃል»፣ «ይላካል» ብላችሁ አድራጊውን አትደብቁ። አድራጊው ያልታወቀ ዓረፍተ ነገር ሥዕሉ ላይ ቦታ አያገኝም።

ቀጥሎ ሰዎቹን፣ ሰነዶቹንና ድርጊቶቹን በሦስት ዓይነት ቀለም አስምሩና አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ሰነዱ፣ ማን አወጣው፣ ስንት ኮፒ፣ እያንዳንዱ ኮፒ የት ቀረ። ይህ ሠንጠረዥ ሳይሞላ ሥዕል አትጀምሩ። የአራተኛው ዓምድ ባዶ ቦታ ሁሉ የፈተና ጥያቄ ነው።

የዳታ ፍሰት ሥዕሉ ምልክቶች አራት ብቻ ናቸው፦ ለውጭ አካል አራት ማዕዘን፣ ለሥራ ክብ፣ ለማኅደር (ዳታ ለሚቀመጥበት ቦታ) ሁለት ትይዩ መስመር፣ ለፍሰት ቀስት። በመጀመሪያ ደረጃው ሥዕል አንድ ክብ ብቻ ይኖራል፣ ቁጥሩም 0 ነው፤ ማኅደር አይታይበትም። በሚቀጥለው ደረጃ ክቡን ወደ 1.0፣ 2.0፣ 3.0 ስትበትኑት ወደ ውስጥ የሚገቡትና የሚወጡት ቀስቶች ከላይኛው ጋር በቁጥርም በስምም መግጠም አለባቸው። ከማኅደር ወደ ማኅደር፣ ከውጭ አካል ወደ ውጭ አካል ቀስት አይሳብም፤ መካከል ላይ ሥራ መኖር አለበት። ገብቶበት የማይወጣበት ክብ ዳታ የሚውጥ ጉድጓድ ነው፤ ሳይገባበት የሚወጣበት ደግሞ ከምንም የሚፈጥር ነው። ሁለቱም ነጥብ ያስቀንሳሉ። የቀስት ስም ግስ አይሁን፤ «ክፍያ ማዘጋጀት» የክብ ስም ነው፣ «የክፍያ ቫውቸር» የቀስት።

ሰነዶቹ ከክፍል ወደ ክፍል እንዴት እንደሚሄዱ የሚያሳየው ፍሎውቻርት ላይ ጥብቅ ሁኑ። ገጹን ወደ ጎን አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓምድ ስጡ። ከግርጌው ሞገድ ያለው ቅርጽ ሰነድ ነው፤ በእጅ የሚሠራ ሥራ ወደ ታች የሚጠብ ትራፔዞይድ፣ የኮምፒውተር ሥራ ሬክታንግል፣ ዳታቤዝ ሲሊንደር ነው። ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን የወረቀት ፋይል ሲሆን፣ በውስጡ የሚጻፈው ፊደል ፋይሉ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጠ ይናገራል፤ በስም ፊደል፣ በቁጥር ወይም በቀን። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ኮፒ ላይ ነው። ማዘዣው በአራት ኮፒ ወጣ ካላችሁ አራት የተደራረቡ ቅርጾች ይኖራሉ፣ አራቱም ቁጥር ይኖራቸዋል፣ አራቱም ፋይል ውስጥ ገብተው፣ ወደ ሌላ ዓምድ ተሻግረው ወይም ከድርጅቱ ወጥተው ያልቃሉ። ሜዳ ላይ የቀረ ኮፒ ካለ ሥዕሉ አላለቀም።

አሁን ማበላሸት ጀምሩ። 40 ወንበር በ2,500 ብር ታዘዘ። 38 መጣ። አቅራቢው ግን የ40 ደረሰኝ ላከ፦ 100,000 ብር፣ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 115,000። የግዥ ማዘዣው ከደረሰኙ ጋር ብቻ ቢመሳከር ሁለቱም 40 ስለሚሉ ክፍያው ያልፋል። የገቢ ደረሰኙ ሲጨመር ግን 38 ይላል፤ መከፈል ያለበት 95,000 እና ቫቱ 14,250፣ በድምሩ 109,250 ነው። 5,750 ብሩን ያዳነችው ሦስተኛዋ ወረቀት ናት። ቀጥላችሁ ጠይቁ፦ ንብረት ክፍሉ ሳይቆጥር 40 ብሎ ቢጽፍስ? ለዚህ ነው ወደ ንብረት ክፍል በሚሄደው የማዘዣ ኮፒ ላይ ብዛቱ እንዲሸፈን የሚደረገው፤ ብዛቱን ያላየ ሰው ከመቁጠር ሌላ አማራጭ የለውም። ሥዕላችሁ ላይ አንድ ቀስት ወይም አንድ ኮፒ እየሰረዛችሁ «አሁን ማን መስረቅ ይችላል?» ብትሉ፣ የቁጥጥር ምዕራፉን ግማሽ ሳታነቡት ተማራችሁት።

ቁጥጥሮች

የቁጥጥር ምዕራፉ ሽምደዳ ይመስላል። ኮሶ የሚባለው የውስጥ ቁጥጥር ማዕቀፍ በ1992 ወጥቶ በ2013 ታደሰ፣ 5 ክፍሎችና 17 መርሆች አሉት፤ የአሜሪካው ሳርበንስ ኦክስሊ ሕግ በ2002 ወጣ። እነዚህን በቃል ያዙና እለፉ፤ ጥያቄው ሁኔታ ላይ ነው የሚመጣው። ለእያንዳንዱ ቁጥጥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛውን አደጋ ይመለከታል፣ አስቀድሞ ይከላከላል ወይስ በኋላ ያጋልጣል፣ እና የማይዘው ምንድን ነው። ሦስተኛውን የሚጽፍ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ከባዱ ጥያቄ ግን ከዚያ ይመጣል።

የሥራ ክፍፍሉን ለማስታወስ ሦስት ሰዎችን አስቡ፦ የሚፈቅድ፣ የሚይዝ፣ የሚመዘግብ። ገንዘብ ያዡ ሌጀሩን ከመዘገበ የጎደለውን በመዝገብ ይሸፍናል። መዝጋቢው ከፈቀደ የሌለ አቅራቢ ፈጥሮ ይከፍላል። ትንሽ ድርጅት ሦስት ሰው ከሌለው መልሱ «ሠራተኛ ይቀጠር» አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ የባንክ ማስታረቂያውን ይሥራ ወይም ቼኩን ይፈርም፣ የሚለው ነው።

የባች ድምርን፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚመዘገቡ ሰነዶችን ከመመዝገብ በፊትና በኋላ ደምሮ ማመሳከርን፣ በቁጥር ካልሠራችሁት አይገባም። ሦስት የሽያጭ ሰነዶች አሉ እንበል፦ ለደንበኛ ቁጥር 207 ብር 5,420፣ ለ315 ብር 12,800፣ ለ118 ብር 3,150። የሰነድ ብዛት 3፤ የገንዘብ ድምር 21,370፤ የደንበኛ ቁጥሮቹ ድምር 640። ይህ የመጨረሻው በሒሳብ ትርጉም የለውም፤ ሥራው ማመሳከሪያ መሆን ብቻ ነው። መዝጋቢው 5,420ን 5,240 ብሎ ቢያስገባ የገንዘብ ድምሩ 21,190 ይሆናል፤ ልዩነቱ 180 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ይህም ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ያስጠረጥራል። 315ን 351 ቢል የገንዘብ ድምሩ ምንም አይሰማም፤ የቁጥሮቹ ድምር ግን 676 ሆኖ ይጮኻል። የ207ን ብር ለ118፣ የ118ን ለ207 ቢያደርግስ? ሦስቱም ድምሮች ልክ ናቸው፣ ሁለት ደንበኞች ግን የተሳሳተ ዕዳ ተሸክመዋል። ይህን የሚይዘው ቁጥሩ ሲገባ የደንበኛውን ስም ስክሪኑ ላይ አውጥቶ መዝጋቢው እንዲያይ የሚያደርግ ቁጥጥር ነው። የራሳችሁን አሥር ሰነዶች አዘጋጅታችሁ ጓደኛችሁ አንዱን ያበላሽላችሁ፤ እናንተ ፈልጉት።

ዳታቤዝ፦ የእኛ ስሞች የሚያስተምሩት

የዳታቤዝ ምዕራፍ ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፤ ግን የራሳችን ዳታ ከመጽሐፉ ምሳሌ የተሻለ ያስተምራል። አንድ የመርካቶ ጫማ አከፋፋይ ሽያጩን በአንድ የኤክሴል ገጽ ይዟል እንበል፦ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ ዕቃ፣ ብዛት፣ ዋጋ። አንድ ደረሰኝ ሦስት ዓይነት ዕቃ ካለው የደንበኛው ስምና ስልክ ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ስልኩ ሲቀየር አርባ ቦታ መቀየር አለበት፤ አንዱ ከተረሳ ሁለት እውነት ተፈጠረ። ከዚህም የከፋ አለ፤ ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ደንበኞች። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ስምን ቁልፍ፣ ማለትም አንዱን ደንበኛ ከሌላው መለያ፣ ያደረገ ሠንጠረዥ የአንድን ሰው ዕዳ ለሦስት ይበትናል። «የቤተሰብ ስም» የሚጠይቀው የውጭ ሶፍትዌርም አንዱ መዝጋቢ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም እንዲያስገባ ያደርጋል።

ስለዚህ ቁልፉ ቁጥር ይሁን። ቲን ጥሩ እጩ ነው፣ 10 አኃዝ አለው፤ ነገር ግን በ00 የሚጀምረውን ኤክሴል እንደ ቁጥር ቆጥሮ ዜሮዎቹን ይቆርጣቸዋል። ዳታውን ከመለጠፋችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፤ ከለጠፉ በኋላ መቀየር የጠፋውን ዜሮ አይመልስም። ቲን የሌለው ደንበኛ ስለሚኖር ደግሞ የራሳችሁን የደንበኛ ቁጥር ስጡና ቲኑን ተራ ዓምድ አድርጉት።

አርኢኤ የሚባለው አሠራር፣ ዊሊያም ማካርቲ በ1982 ያቀረበው፣ ሁሉንም ነገር በሦስት ይከፍላል፦ ሀብት፣ ድርጊት፣ ተሳታፊ። እያንዳንዱ ድርጊት ቢያንስ ከአንድ ሀብትና ብዙውን ጊዜ ከሁለት ተሳታፊዎች፣ ከውስጥና ከውጭ ሰው፣ ጋር ይያያዛል፤ የመስጠት ድርጊት ደግሞ የመቀበል ጥንድ አለው። ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል፤ ሥዕሉ ላይ ደረሰኝን እንደ ድርጊት ሣጥን ውስጥ ይከታል፣ ተሰብሳቢ ሒሳብን ሠንጠረዥ ያደርጋል። ደረሰኝ ስለ ሽያጩ የሚናገር ወረቀት ነው፤ ድርጊቱ ሽያጩ ነው። ተሰብሳቢው ደግሞ ከሽያጭ ላይ የተሰበሰበው ሲቀነስ የሚገኝ ስሌት ነው፤ አይቀመጥም፣ ይሰላል።

የሠንጠረዦቹን ብዛት እንዲህ ቁጠሩ። ዕቃ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ሽያጭ፣ ገንዘብ መቀበል፣ ደንበኛ፣ ሠራተኛ፤ ስድስት። አንድ ሽያጭ ብዙ ዕቃ፣ አንድ ዕቃም ብዙ ሽያጭ ውስጥ ስለሚገባ ሽያጭና ዕቃ ብዙ ለብዙ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ማገናኛ ሠንጠረዥ ይፈልጋሉ። ደንበኛው አንዱን ሽያጭ ከፋፍሎ ከከፈለ፣ ሦስት ሽያጭንም በአንድ ቼክ ሊከፍል ከቻለ፣ ሽያጭና ገንዘብ መቀበልም ብዙ ለብዙ ናቸው፤ ሌላ አንድ። በድምሩ ስምንት። ሠንጠረዦቹን ኤስኪውላይት ወይም ሊብሬኦፊስ ቤዝ ላይ ሥሩ፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ከዚያ «ምንም ያልከፈሉ ደንበኞችን አውጣ» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለቱም ሠንጠረዥ ያሉትን ብቻ የሚያወጣውን ኢነር ጆይን ከተጠቀማችሁ ውጤቱ ባዶ ይሆናል፣ ምክንያቱም ያልከፈለ ሰው የገንዘብ መቀበል ሠንጠረዥ ውስጥ መስመር የለውም፤ የሚያስፈልገው ደንበኞችን ሁሉ ይዞ ክፍያ የሌላቸውን ባዶ አድርጎ የሚያሳየው ሌፍት ጆይን ነው። ይህን ስሕተት አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት አትረሱትም።

የቫት 15 በመቶን፣ የጡረታውን 7 እና 11 በመቶ፣ የዊዝሆልዲንግን መጣኔ ቀመር ውስጥ አትጻፉ። መጣኔ በአዋጅ ይቀየራል። መጣኔው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ የሚል የራሱ ሠንጠረዥ ይኑረው፤ አለበለዚያ መጣኔው በተቀየረ ማግስት የአምናውን ሪፖርት ስታወጡ በዘንድሮው ሒሳብ ይወጣል።

ፒችትሪ ላይ

ዛሬ ሴጅ 50 ይባላል፤ ሰዉም አሠሪውም ግን ፒችትሪ ማለቱን አልተወም። ኩባንያ ስትከፍቱ አክሩዋል ወይስ ካሽ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ይህ በኋላ ስለማይቀየር ረጋ በሉ፣ ልምምዶቹ አብዛኛውን ጊዜ አክሩዋል ናቸው። የሒሳብ ጊዜውን በተመለከተ ልምምዱ የፈረንጅ ወር ከሰጣችሁ 12 ወር ብላችሁ እለፉ። የእኛን የበጀት ዓመት ከሰጣችሁ ግን ከወር ጋር የማይገጥሙ ጊዜያት የሚለውን መርጣችሁ ከጁላይ 8፣ ማለትም ከሐምሌ 1፣ ጀምሩ። ጳጉሜን ለብቻዋ አታድርጓት፤ ለወር ደመወዝተኛ የጳጉሜ ክፍያ ስለሌለ የ5 ቀኑ ሪፖርት የተዛባ ይሆናል። ነሐሴን ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10 አድርጉት፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን እስከ 11።

የሒሳብ መደቦቹን ስትፈጥሩ ስሙ ሳይሆን ዓይነቱ ነው የሚወስነው። «የተጠራቀመ እርጅና»ን እንደ ወጪ ካስገባችሁት ትርፍና ኪሳራ ላይ ይወጣል። የተያዘ ትርፍ ዓይነት ያለው መደብ አንድ ብቻ መሆን አለበት። የመነሻ ቀሪዎቹ ካልታረቁ ፕሮግራሙ ልዩነቱን በራሱ ፈጥሮ አንድ የካፒታል መደብ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያንን መደብ ካያችሁ ወደፊት አትሂዱ፣ ተመልሳችሁ አርሙ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ደግሞ ይህ ነው፦ የደንበኞችን የመነሻ ዕዳ በደንበኛ ዝርዝር ስታስገቡ ጠቅላላ ሌጀሩ አይነካም። ሁለቱንም ለየብቻ አስገብታችሁ ድምራቸው እኩል መሆኑን ማየት የእናንተ ሥራ ነው። የዕቃ ዋጋ ማስያ ዘዴን፣ ፊፎም ይሁን አማካይ፣ ግብይት ከተመዘገበ በኋላ መቀየር አይቻልም።

በየአሥር ግብይቱ ባክአፕ ውሰዱ፣ ስሙ ላይም ቁጥር ጨምሩ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚበላሸው ክፍት የነበረው ፋይል ነው። በአዲሱ እትም የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌው ላይ አይከፈትም፤ ስለዚህ ቡድኑና መምህሩ የያዙት እትም የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ማስረከብና ፈተና

ሥዕሎችን ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ በስልክ ክፈቷቸው፤ መምህሩ የሚያየው ያንን ነው፣ በኮምፒውተራችሁ ላይ የሚያምረውን አይደለም። የአማርኛ ፊደል ከተጠቀማችሁ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ መግባቱን በሌላ ሰው ስልክ ላይ አረጋግጡ፤ ካልገባ ባዶ ሣጥኖች ብቻ ይታያሉ። የቡድን ሥራን በቴሌግራም «አንተ ይህን፣ አንቺ ያንን» ብሎ በምዕራፍ መከፋፈል ሥዕሎቹ እንዳይገጥሙ ያደርጋል፤ የሰነዶቹን ሠንጠረዥ ግን ሁሉም አብሮ ይሙላና ከዚያ በኋላ ዑደቶቹን ተከፋፈሉ።

ሰዓት የተቆጠረበት ፈተና ላይ የሁኔታ ጥያቄ ሲመጣ፣ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት የ2 ደቂቃ ሠንጠረዥ በወረቀት ላይ ሥሩ፦ ሰው፣ ሰነድ፣ የት ቀረ። ድክመቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ በያዘው ሰው ስም አጠገብ ነው። ፋይል የሚጫንበት ፈተና ከሆነ ደግሞ ከማብቂያው 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ያለውን ጫኑ፤ ሲስተሙ የሚፈቅድ ከሆነ በተሻለው ትተኩታላችሁ። ከጫናችሁ በኋላ ፋይሉን ከሲስተሙ መልሳችሁ አውርዳችሁ ክፈቱት፣ የማረጋገጫውንም ገጽ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ።